የት ላይ ጠፋችሁ?

ዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪዬ ቴሌቪዥን ነበር።

ሰው አልነበረንም ማለቴ አይደለም። ነበረን። እሱ ግን እጁን ካፖርቱ ኪስ ከትቶ፣ በሩ አጠገብ ቆሞ፣ ከእኛው ጋር ነበር የሚያየው። የሚያስተምረው ፕላዝማው ነው፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው፣ በሳተላይት የሚመጣለትን ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚያወርደው ሰፊ ስክሪን። በዕድሜ የምታንሱኝ ምናልባት ቀልዱን ከታላላቆቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ቀልዱ ውስጥ ነበርኩ።

መሐል ሜዳ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። መንዝ ነዋ! ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ውርጭ ገብሱን በሚመታበት አገር፣ ከሰባ የማናንስ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀን ስክሪኑ ላይ እናፈጣለን። ገሚሳችን ጋቢ ደርበናል። ገሚሱ ከገጠር መጥቶ ቤት የተከራየ ነው፤ ቁርሱ ከእናቱ ቤት ያመጣው በሶ ነው። ስክሪኑ ውስጥ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትጠይቃለች። ትንሽ ዝም ብላ ትጠብቃለች። እኛም ዝም። ከዚያ ፈገግ ትልና «ቬሪ ጉድ!» ትለናለች።

አንድም ሰው አልመለሰም እኮ! ግን «ቬሪ ጉድ» ለመባል መመለስ አያስፈልግም ነበር፤ መቀመጥ ይበቃል። መብራት ቢጠፋ እንኳ እሷ የሆነ ቦታ ሆና መጠየቋን፣ መጠበቋንና ማመስገኗን አታቋርጥም። መብራቱ ሲመለስ ትምህርቱ እኛን ጥሎ ሄዷል።

አንድ ቀን፣ ጥር አካባቢ ይመስለኛል፣ በትምህርቱ መሐል መብራት ጠፋ። አስተማሪያችን ከበሩ ተነሥቶ መጣና ጠመኔ አነሣ።

«እሺ፣ የት ላይ ጠፋችሁ?» አለን።

ዝም። ከኋላ አንዱ፣ «ቲቸር፣ እኛ መብራቱ ሳይጠፋ በፊት ነው የጠፋነው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪያችን አልሳቀም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስከረም።»

ሰሌዳው ላይ ሚዛን ሣለ። ባንዱ በኩል ገብስ፣ በሌላው በኩል ድንጋይ። ከገብሱ አንድ ጣሳ ብታነሱ፣ ሚዛኑ እንዳያዘነብል ከድንጋዩ በኩል ምን ታደርጋላችሁ ብሎ ጀመረ። ቁጥር እኩል ይሆናል የሚለውን ተሻግሮ ሲሄድ ምልክቱ ለምን እንደሚቀየር የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ያለ መብራት፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ። ዛሬ በቁጥር እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። የተሠራሁት በዚያች ሃያ ደቂቃ ነው ብል አላጋነንኩም።

ይህን የምጽፈው ግን ፕላዝማን ለማማት አይደለም። እኔ ራሴ በተራዬ ስላልኩት «ቬሪ ጉድ» ነው።

* * *

ከመንዝ ርቆ ባለ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። እኔ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ በትምህርት ዓለም ትልቁ ድንጋጤ የመጣው በ2015 ዓ.ም. ነው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር፣ ከ896 ሺህ በላይ ከሆኑት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። 3.3 በመቶ። በዓመቱ ደግሞ ከ845 ሺህ በላይ ተፈትነው 27,267 አለፉ፤ 3.2 በመቶ።

ያላለፉት ሁሉ የት ይግቡ? ከእነሱ መካከል ውጤታቸው የተሻለው ተመርጠው ረመዲያል የምንለው የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ተጀመረላቸው። ለጥቂት ወራት ግቢ ገብተው ይማራሉ፤ ከውጤታቸው አብዛኛው በማዕከል ከሚዘጋጅ ፈተና ይመጣል፤ ካለፉ አንደኛ ዓመት ይገባሉ፣ ካላለፉ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤት። በዚያው በ2015 ለተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ተጀመረ። መግቢያውም መውጫውም ጠበበ።

በዚህ መሐል «የተማሪ ስኬት» የሚባል ቃል በየስብሰባው ይሰማ ጀመር። ትምህርት ሚኒስቴር ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከሻያሾኔ ጋር የሚሠራው «ኢ-ሺ» የሚባል አገር አቀፍ ፕሮጀክት ለመምህራንም ለተማሪዎችም የኦንላይን ኮርስ ይዞ መጣ። የምነግራችሁ ስለ እሱ አይደለም። በዚያው ሰሞን የእኛም ግቢ የራሱን አነስተኛ ኮርስ አዘጋጅቶ ነበር፤ ነገሬ ከዚህኛው ጋር ነው። አጫጭር ቪዲዮ፣ ከቪዲዮው በኋላ ምርጫ ጥያቄ፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬት። አጠናን፣ ማስታወሻ አያያዝ፣ የጊዜ አጠቃቀም፣ ትንሽ ሒሳብ፣ ትንሽ እንግሊዝኛ። ኮርሱ መጥፎ አልነበረም።

ከኮርሱ ጎን ደግሞ የቆየ የማታ ቱቶሪያል ነበር። ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ተማሪዎች ለሻይ የምትሆን ክፍያ እየተሰጣቸው፣ ረመዲያሎቹን በባዶ ክፍል ሰብስበው ያስጠናሉ። የስም መቆጣጠሪያው ወረቀት ነው። ወረቀቱን ማንም ኮምፒዩተር ላይ አላስገባውም።

* * *

ታናሽ እህቴ በ2015 ተፈትና ለጥቂት ወደቀች። ረመዲያል ደረሳት፤ ምደባዋ እኔ የማስተምርበት ግቢ ሆነ። እናቴ እልል አለች። ወንድሟ አጠገቧ ነው፣ ምን ትሆናለች?

እህቴ ጥሪ የምትጠብቀው መሐል ሜዳ ሆና ነው። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ስልክ ሲሠራ ይሠራል፣ ሳይሠራ አይሠራም። አንድ ቀን ደወለች።

«ጋሼ፣ ግቢ ሳትገቡ ኮርስ ጨርሱ የሚል መልእክት መጥቶልኛል። በምን ልጨርሰው? እዚህ ኮኔክሽን የሚባል ነገር የለም።»

«መለያ ቁጥርሽንና ፓስወርድሽን ንገሪኝ» አልኳት።

ያን ማታ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ የእህቴን ኮርስ ጨረስኩላት። ቪዲዮውን ድምፁን ዘግቼ አሳለፍኩት። ጥያቄውን ብትስት እስክታገኝ ድረስ ደጋግሞ ያስሞክራል። አርባ ደቂቃ ገደማ ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ላይ ብልጭልጭ ወረቀት ዘነበ፦ «እንኳን ደስ አለሽ! በስኬት አጠናቀሻል!» ሰርተፍኬቱ የእህቴ ስም አለበት። ሳቅሁ። ለሷ እንዳልልክላት ኢንተርኔት የላትም። ስልኬን ዘጋሁና ተኛሁ። በቃ ረሳሁት።

ክረምት ላይ ኮርሱ ይጠቅም አይጠቅም እንደሆነ የሚገመግም ኮሚቴ ተቋቋመ። የቁጥር ሰው ተብዬ እኔም ገባሁበት። ማን ሎግ ኢን አደረገ፣ ማን ጨረሰ፣ ማን ረመዲያሉን አለፈ፤ ሦስቱን ዓምድ አንድ ኤክሴል ላይ አገናኘሁ። ውጤቱ ግልጽ ነበር። ሪፖርቱ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ ኮርሱን ያጠናቀቁ ተማሪዎች ካላጠናቀቁት የተሻለ አልፈዋል።

ዓረፍተ ነገሩ ውሸት የለበትም። ችግሩም እሱ ነው።

ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን በየዓመቱ የምላቸው ነገር አለ። ዣንጥላ የያዘ ሰው በሚበዛበት ቀን ዝናብም ይበዛል፤ ዝናቡን ያመጣው ግን ዣንጥላው አይደለም። ኮርሱን የጨረሰ ልጅ ማን ነው? ስማርት ስልክ ያለው፣ ኔትወርክ ባለበት ከተማ የሚኖር፣ የተባለውን በሰዓቱ የሚያደርግ። እንዲህ ያለ ልጅ ኮርሱ ጭራሽ ባይኖርም ከሌላው የተሻለ የማለፍ ዕድል አለው። ይህን የምታስጠነቅቅ አንዲት አንቀጽ ሪፖርቱ ውስጥ አስገብቼ ነበር። በመጨረሻው ሰነድ አንቀጿ አባሪ ውስጥ ገባች። አባሪ ማን ያነባል? ልከራከር እችል ነበር። ክረምት ነው፣ ሁሉም ደክሞታል፣ ሪፖርቱ ደግሞ ያምራል። አልተከራከርኩም።

ሌላም አለ። የእህቴን መለያ ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። ኤክሴሉ ላይ ወደ ታች ስወርድ አገኘሁት። አጠናቃለች፦ አዎ። አልፋለች፦ አዎ። ረድፉን ልሰርዘው እጄን ሰነዘርኩና ተውኩት። ከዚህ ሁሉ ረድፍ መሐል የእሷ አንዷ ምን ታመጣለች ብዬ።

* * *

በ2017 እህቴ አንደኛ ዓመት ሆነች። አንድ ማታ ካፌ ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ፣ «ጋሼ፣ የማታው ቱቶሪያል ለምን ቀረ? አዲሶቹ ረመዲያሎች እየጠየቁን ነው» አለችኝ።

«በጀት ጠበበ መሰለኝ። ኮርሱ ስላለ ድግግሞሽ ነው ተባለ።»

«የቱ ኮርስ?»

ቀና ብዬ አየኋት። ቀልዷን አይደለም። ኮርሱን አታውቀውም። እንዴት ታውቀዋለች? አልጋዬ ላይ ተኝቼ የጨረስኩት እኔ ነኝ።

«እኔ እኮ ያለፍኩት በቱቶሪያሉ ነው» አለች። «የሚያስጠናን ልጅ መጀመሪያ ቀን፣ የማይገባችሁን ሳይሆን መጨረሻ የገባችሁን ንገሩኝ አለን። እኔ የሰባተኛ ክፍል ክፍልፋይ አልኩ። ሌሎቹ ሊስቁብኝ ነው ብዬ ሳፍር፣ እሱ ከዚያው ጀመረልኝ።»

ሻዬ ቀዘቀዘ። እህቴን ያሳለፋት ቱቶሪያሉ ነው፤ ማለፏ የተመዘገበው ግን ለኮርሱ ነው። ኮርሱ ሠርቷል ተብሎ ቱቶሪያሉ ተዘጋ። ሒሳቡን ያወራረድኩት ደግሞ እኔ፣ ወንድሟ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አነበብኩ። ጥፋተኛ ሰው ማንበብ ይወዳል። ካነበብኩት ሁሉ ከውስጤ ያልወጣው የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኩኒ የሚሉት፣ «አሳፕ» የተባለ ፕሮግራሙ ነው። በእነሱ አቆጣጠር በ2007 ነው የተጀመረው። በኋላ ኤምዲአርሲ የተባለ የጥናት ድርጅት ሲገመግመው የተጠኑት ተማሪዎች የእኛን ረመዲያሎች ይመስላሉ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ፣ ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ ላይ ማካካሻ የሚያስፈልጋቸው። ፕሮግራሙ የሚሰጣቸው ቶሎ ቶሎ የሚያገኙት አማካሪ፣ ቱቶሪያል፣ የመጽሐፍ ድጋፍ፣ የትራንስፖርት ካርድ ነው። አጥኚዎቹ ተማሪዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ የተመረቁት ፕሮግራሙ ከደረሳቸው 40 በመቶ፣ ካልደረሳቸው 22 በመቶ ሆኑ።

ዕጣ የተባለው ለዚህ ነው። ዕጣ ጎበዝና ሰነፍ አይለይም፤ ኔትወርክ ያለውንና የሌለውን፣ መምህር ወንድም ያላትንና የሌላትን አይመርጥም። ሁለቱ ወገን እኩል ከተነሡ፣ መጨረሻ ላይ የሚታየው ልዩነት የፕሮግራሙ ነው ብሎ መናገር ይቻላል። ይህን ለተማሪዎቼ በፈተና ላይ የምጠይቀው ነገር ነው። እኔ ስጠየቅ ወደቅሁ።

* * *

ለፋሲካ መንገዱ ሰላም ሲሆን መሐል ሜዳ ወጣሁ። አባቴ ባናውን ተከናንቦ እሳት ዳር ቁጭ ብሏል። ምን እንደምሠራ ሲጠይቀኝ፣ ተማሪዎች ተጠቅመዋል አልተጠቀሙም የሚለውን ከኮምፒዩተር ላይ እንደማይ ነገርኩት።

«ከዚያው ከተቀመጥክበት ሆነህ?»

«አዎ።»

«ጉድ ነው» አለና እሳቱን ቆሰቆሰ። ከዚያ ወሬው ወደ ጓሳ ሄደ። ጓሳ ታውቁ እንደሆነ፣ ከመሐል ሜዳ ብዙ የማይርቅ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት የሣር አገር ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪመጣ ድረስ ሕዝቡ ቄሮ በሚባል በጥንት ደንብ ይጠብቀው ነበር። አባቴ ያኔ ልጅ ነው። ሣሩ ይዘጋል፤ ሦስት ዓመትም ይሁን አምስት፣ ከብትም ማጭድም አይገባበትም።

«ቀን ቆጥረው እንዳይመስልህ የሚከፍቱት» አለ። «የሣሩ ቁመት ነው የሚታየው። ካልደረሰ ትተውት ይመለሳሉ።»

እኔን ለመምከር ብሎ አልነበረም። የድሮ ጨዋታ ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት በቁሜ አደርኩ። ከሰርተፍኬት ሌላ ያየሁት ምን ነበር?

ስመለስ ለኮሚቴው ደብዳቤ ልጽፍ ወሰንኩ። መጀመሪያ ግን እህቴን ማስፈቀድ ነበረብኝ፤ ፋይሉ የእሷ ነው።

«ሰርተፍኬቴ ቢሰረዝ ከግቢ ያባርሩኛል?» አለች መጀመሪያ።

«እንደ እኔ አያባርሩሽም። የነካሁት እኔ ነኝ። ግን ምንም አይመጣም ብዬ ልምልልሽ አልችልም።»

ብዙ ቆየች። ከዚያ፣ «ጻፈው» አለች። «ግን የእኔን ብቻ አትጻፍ ጋሼ። እኔ ብቻ ነኝ እንዴ እንዲህ ያለፍኩት? ደውልና ሌሎቹን ጠይቃቸው። የዶርሞቼን እኔ እጠይቃለሁ።»

ደወልን። ጥቂት ልጆች ናቸው፤ ጥናት ነው ብዬ አልሸጥላችሁም። ያንዷን አጎቷ ጨርሶላታል። ያንዱን ጓደኛው አዲስ አበባ ሆኖ። አንዱ ልጅ ግን ሁሉንም ራሱ አይቶታል፤ የማስታወሻ አያያዙን ቪዲዮ ሦስት ጊዜ እንዳየውና እስከ ዛሬ በዚያው መንገድ እንደሚጽፍ በደስታ ነገረኝ። ይህንንም መዝግቤዋለሁ። ኮርሱ ለሚደርሰው ይጠቅማል።

መጨረሻ ላይ «አላጠናቀቀም፣ አላለፈም» ከሚለው ረድፍ ለአንድ ልጅ ደወልኩ። እሱም የገጠር ልጅ ነው። አሁን የቀን ሥራ ላይ ነው።

«ኮርሱን ለምን አልጨረስከውም?» አልኩት።

«የምን ኮርስ?» አለኝ።

እህቴ ካፌው ውስጥ ያለችኝን ነው ያለኝ። ሁለቱም ኮርሱን አያውቁትም። እሷ «አዎ» ላይ፣ እሱ «አይ» ላይ የተጻፉት በመሐላቸው እኔ ስላለሁ ነው። እሱ ወንድም አልነበረውም።

«ቱቶሪያልስ?»

«ሁለት ቀን መጥቼ ነበር። ከዚያ አልገባኝ ሲል ተውኩት።» ትንሽ ዝም አለ። «ለምን ቀረህ ያለኝ ሰው የለም።»

ምን ይባላል? ይቅርታ አልኩት። ለምን ይቅርታ እንደምጠይቀው አልገባውም። «ችግር የለም መምህር» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

* * *

ደብዳቤውን አስገባሁ። የእህቴን ኮርስ ማን እንደጨረሰው ስሜን ጠቅሼ ጻፍኩ። አባሪ ውስጥ የገባችውን አንቀጽ መጀመሪያው ገጽ ላይ አደረግኋት። የቱቶሪያሉ የስም ወረቀት ከመሳቢያ ወጥቶ ኮምፒዩተር ላይ እስኪገባ ድረስ የትኛው እንደሚሠራ መናገር አንችልም አልኩ። ከቻልን ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት በዕጣ እንሞክረው። ደብዳቤው ደርሶናል ተባልኩ። ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ ሌላ መልስ የለም። ሊቀጡኝም ይችላሉ። ቢቀጡኝ የሚያስቀጣ ነው።

እስከዚያው እሮብ ማታ ማታ አንድ ባዶ ክፍል ለምኜ አስከፍቻለሁ። ክፍያ የለውም፣ ሰርተፍኬትም የለውም። ባለፈው ሳምንት አሥራ አንድ ልጆች መጡ። ጠመኔ አነሣሁና የማውቀውን አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ።

«እሺ፣ የት ላይ ጠፋችሁ?»

ዝም አሉ። እንደ ፕላዝማዋ አስር ሰከንድ ጠብቄ «ቬሪ ጉድ» ማለት አማረኝ፤ ዝምታ ከባድ ነው። ግን ጠበቅሁ። ከኋላ አንዲት ልጅ፣ «መምህር፣ ስምንተኛ ክፍል መሰለኝ» አለች።

«እሺ» አልኳት፣ «ከስምንተኛ እንጀምር።»

በዚህ ሳምንት አሥር ናቸው። እሷ ቀርታለች። ስልኳን ከስም ወረቀቱ ላይ አገኘሁት፤ ይህን ጽፌ ስጨርስ እደውላለሁ።